የጾታ አማካይ 1.43፦ ለሳይኮሎጂ ተማሪዎች ስታቲስቲክስና የምርምር ዘዴ እንዴት እንደማስተምር

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ተመራቂ ጽሑፍ ሳርም እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር ገጠመኝ፦ «የተሳታፊዎቹ የጾታ አማካይ 1.43 ነው።» ልጁ ወንድን 1፣ ሴትን 2 ብሎ ኮድ ሰጥቷል። ማሽኑ ደግሞ ታዛዥ ነው፣ አማካይ አውጣ ሲሉት ያወጣል። ጠርቼው «ይሄ ምን ማለት ነው?» አልኩት። «ኤስፒኤስኤስ ነው ያወጣው፣ ቲቸር» አለኝ፤ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሩን ማለቱ ነው።

ልቆጣው ስል ትዝ አለኝ። ስታቲስቲክስ ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ያውም «ኤ» ሰጥቼው።

የሚገርመው 1.43 ውስጥ እውነት አለ። ከተሳታፊዎቹ 43 በመቶው ሴቶች ናቸው ማለት ነው። ልጁ ግን ይህን አላየውም፤ እኔም እንዲያይ አላስተማርኩትም።

የማስተምረው ከአየር ጤና ወጥቶ ዓለምገናን አልፎ፣ ሰበታ አካባቢ ነው። ክፍሌ ውስጥ ሃምሳ ምናምን ተማሪ አለ። ብዙዎቹ ሳይኮሎጂን የመረጡት «ሒሳብ የለውም» ተብለው ነው። መብራት እንደልቡ ይጠፋል። ከዚያ 1.43 በኋላ ኮርሱን ገለበጥኩት። ቀመሩና ሶፍትዌሩ ወደ መጨረሻ ሄዱ፣ ግምት ወደ ፊት መጣ። እዚህ የማካፍላችሁ የተገለበጠውን አካሄድ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ነጭ ቦሎቄና ቀይ ቦሎቄ ግዙ፣ ኪሎ ኪሎ ይበቃል። የቢራና የለስላሳ ቆርኪ ከአካባቢው ግሮሰሪ ለምኑ፣ መቶ ያህል። ስምንት ሲኒ ተዋሱ። እያንዳንዱ ተማሪ ደግሞ አንድ ቀጭን ደብተር ይያዝ፤ ስሙ «የግምት ደብተር» ነው።

የደብተሩ ሕግ ቀላል ነው። ምንም ነገር ከመሰላቱ በፊት ተማሪው መልሱ ስንት እንደሚመጣ ይገምታል። በብዕር ይጽፋል፣ ለምን እንደዚያ እንዳሰበም አንድ መስመር ይጨምራል። መሰረዝ ክልክል ነው። ግምቱ ቢሳሳት ማርክ አይቀነስም፣ ባዶ ቢሆን ግን ይቀነሳል። መጀመሪያ አካባቢ ያፍራሉ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ እርስ በርስ መወራረድ ይጀምራሉ፤ ያኔ ነገሩ ተያዘ ማለት ነው።

1. በታክሲ ጀምሩ

የመጀመሪያው ቀን ስለ አማካይ ምንም አታውሩ። «ዛሬ ጠዋት ታክሲ ስንት ደቂቃ ጠበቃችሁ?» ብላችሁ ጠይቁና የሚሏችሁን ሰሌዳ ላይ ጻፉ። ከአንዱ ረድፍ ያገኘሁት ይህ ነው፦

5፣ 5፣ 8፣ 10፣ 10፣ 12፣ 15፣ 15፣ 20፣ 25፣ 95

95 ያለው ልጅ ከመሀል ከተማ ነው የሚመጣው። ክፍሉ ሳቀበት። እሱ ግን አልሳቀም።

አሁን «አማካዩ ስንት ይመስላችኋል?» በሉ። አብዛኛው 12 ወይም 13 ይጽፋል። ሲደመር 220 ነው፣ ለ11 ሲካፈል 20። «ከ20 ደቂቃ በላይ የጠበቀ እጁን ያንሳ» ስትሉ ሁለት እጅ ብቻ ይነሳል። ታዲያ ይህ የማን አማካይ ነው? መሀል ላይ ያለው ቁጥር፣ ስድስተኛው፣ 12 ነው። 95ን አውጡትና እንደገና አስሉ፤ አማካዩ 12.5 ላይ ዱብ ይላል፣ የመሀሉ ቁጥር ግን እምብዛም አይነቃነቅም። አማካይና ሚዲያን ተምረው ጨረሱ። ቀመር አልጻፋችሁም።

እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ ይህ መስመር ገና ብዙ ይታለባል። ቁጥሮቹን ተመልከቱ። ከአስራ አንዱ ዘጠኙ በአምስት የሚካፈሉ ናቸው። ታክሲ በአምስት አምስት ደቂቃ ስለሚመጣ ነው? አይደለም፣ ሰው ሲያስታውስ ስለሚያጠጋጋ ነው። 8 እና 12 ያሉት ሁለቱ ሰዓታቸውን ያዩ ልጆች ናቸው። ቀጥሎ «ከግቢው አጠገብ ተከራይቶ በእግሩ የመጣ ምን ይጻፍለት?» ብላችሁ ጠይቁ። ዜሮ? ወይስ ባዶ? ይህን ክርክር አታቋርጡት። ዜሮ ደቂቃ መጠበቅና ጭራሽ ታክሲ አለመያዝ አንድ አይደሉም፤ ሶፍትዌሩ ላይ ባዶ ሳጥንና 0 ለምን እንደሚለያዩ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም።

ከዚያ የመጨረሻዋን ጥያቄ ጣሉ፦ «ዛሬ ከሁሉም በላይ የጠበቀው ማነው?» ጸጥታ ይሆናል። አንድ ጊዜ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ «እሱማ ገና ሰልፍ ላይ ነው» አለች። የጎደለ መረጃ የሚባለውን ነገር ከእሷ የበለጠ ያስረዳ መጽሐፍ አላውቅም።

2. ቃሉን ሳትለኩ ሰውን አትለኩ

ሳይኮሎጂ የምንለካውን ነገር በዓይን አያሳየንም። ስለዚህ ከሒሳቡ ይልቅ የሚያስቸግረው መጠይቁ ነው። ለዚህ ሦስት ሳምንት ስጡ፤ እኔ አራትም ሰጥቼ አውቃለሁ።

በአንድ ዓረፍተ ነገር ጀምሩ፦ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ደብሮኛል።» እያንዳንዱ ተማሪ ይህን ይዞ ከግቢ ውጭ ሦስት ሰው ያነጋግር። «አዎ ወይስ አይ?» ብሎ ሳይሆን «ይህ ዓረፍተ ነገር ለአንተ ምን ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቅ። የሚያመጡት መልስ ያስቃል። አንድ የባጃጅ ሾፌር «አዎ፣ መብራት ሲጠፋ በጣም ይደብረኛል» ብሏል። እኛ የፈለግነው ድብርት የሚባለውን ሕመም ነበር፤ እሱ የነገረን መሰልቸቱን ነው። ሁለቱን ደምረን አማካይ ብናወጣ ቁጥር እናገኛለን። ምን እንደለካን ግን አናውቅም።

ቀጥሎ «አንተ» እና «አንቺ» ይመጣሉ። ተማሪው መጠይቁን ሲተረጉም «ትጨነቃለህ?» ብሎ ይጽፍና ግማሹን ተሳታፊ ከመጀመሪያው መስመር ያስወጣል። «ትጨነቃለህ/ትጨነቂያለሽ/ይጨነቃሉ» ሲል ደግሞ ገጹ የሰልፍ ሜዳ ይመስላል። መውጫው ዓረፍተ ነገሩን በተናጋሪው አፍ ማድረግ ነው፦ «እጨነቃለሁ።» ለወንድም ለሴትም ለትልቅ ሰውም ይሆናል። ሬንሲስ ሊከርት እ.ኤ.አ. በ1932 ያስተዋወቀው የ«በጣም እስማማለሁ» እና የ«በጣም አልስማማም» መለኪያም ለእንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ይመቻል።

ሰዓት! ይህንን በራሴ ላይ ደርሶ ነው የተማርኩት። ስለ እንቅልፍ መረጃ ስንሰበስብ «ማታ በስንት ሰዓት ትተኛላችሁ?» ብለን ጠየቅን። አንዱ 4 ጻፈ፣ ሌላው 10። ሁለቱም የሚተኙት እኩል ነው፤ አንደኛው በእኛ አቆጣጠር፣ ሁለተኛው ስልኩን አይቶ ነው የጻፈው። የሁለቱ አማካይ 7 ሆነ። በእኛ ሰባት ሰዓት እኩለ ሌሊት አልፏል፣ በስልኩ ሰባት ሰዓት ደግሞ ራት አልተበላም። መድኃኒቱ አቆጣጠሩን ጥያቄው ላይ መጻፍ ነው። የተሻለው ግን «ስንት ሰዓት ያህል ትተኛላችሁ?» ብሎ ርዝመቱን መጠየቅ ነው። የልደት ዓመትም ያው ነው። ዓመተ ምሕረቱ ካልተገለጸ በ2018 ዓ.ም. መጠይቅ ላይ «2003» ብሎ የፈረንጁን የሚጽፍ አይጠፋም፤ ሲቀነስ የ15 ዓመት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ይወጣል።

ይሉኝታን ደግሞ ተማሪው ከእናንተ በላይ ያውቀዋል። መጽሐፉ ውስጥ ተሳታፊው ጥሩ ሰው መስሎ ለመታየት የሚሰጠው መልስ ተብሎ ረጅም ምዕራፍ አለው። እናንተ «ይሉኝታ» በሉና እለፉ። ከዚያ «ቤት ለቤት ስትሄዱ ጎረቤት ቡና ላይ ተሰብስቦ ቢጠብቃችሁ ምን ታደርጋላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። አምስት ሴቶች ባሉበት «ባልሽ ያስከፋሻል?» ብሎ የጠየቀ ተማሪ አምስት መልስ አላመጣም። ቢበዛ አንድ ነው ያመጣው፣ እሱም የቤቱ ባለቤት መልስ ነው።

እኛ አካባቢ ኦሮምኛ የአፍ መፍቻው የሆነ ሰው ብዙ ነው። በአማርኛ ብቻ የተዘጋጀ መጠይቅ ይዞ መውጣት እሱን ከጥናቱ ማስወጣት ነው። ስለዚህ አንዱ ተማሪ ይተርጉም፣ ዋናውን ጽሑፍ ያላየ ሌላው ወደ ነበረበት ይመልስ፣ ሁለቱ ይነጻጸሩ። በችኮላ አያልቅም።

የመጠይቁ ጥያቄዎች እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማሙ የሚለካውን ክሮንባክ አልፋን ቶሎ እለፉት። አንድ ነገር ብቻ አስጠንቅቁ፦ ከዜሮ በታች የሆነ አልፋ ከወጣ ሰማይ አልተደፋም፣ ምናልባት በተቃራኒው የተጻፈ ጥያቄ ነጥቡ ሳይገለበጥ ቀርቷል።

3. ቦሎቄው

350 ነጭና 150 ቀይ ቆጥራችሁ በአንድ ፌስታል ቀላቅሉ። ከመቶ 30ው ቀይ ነው፤ ለተማሪው ይህን አትንገሩት። እያንዳንዱ ዓይኑን ጨፍኖ 20 ፍሬ ያውጣ፣ ቀዩን ይቁጠር፣ መልሶ ይጨምር። አንዱ 3 ያገኛል፣ ሌላዋ 9። «ማን ነው የተሳሳተው?» በሉ። ማንም አልተሳሳተም። ፌስታሉ ያው ነው፣ እጁም ንጹሕ ነው፣ ቁጥሩ ግን ይለያያል። የናሙና ስህተት ማለት ጥፋት አለመሆኑን የሚገባቸው እዚህ ላይ ነው።

ሁሉም ያገኘውን ሰሌዳ ላይ በነጥብ ያስቀምጥ። 6 ላይ ክምር ይሠራል፣ ወደ ዳር እየሳሳ ይሄዳል። ሰበታ የታወቀ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ናት፣ እኔም ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች አስተምሬአለሁ። ቆርኪው ለዚህ ነው። ነጥቡን ሰሌዳ ላይ ከማድረግ ጠረጴዛ ላይ ቆርኪ ደርድሩ፣ አንድ ተማሪ አንድ ቆርኪ። ስርጭቱ በእጅ ይዳሰሳል። እውነቱን ለመናገር፣ የሚያዩትም ከሰሌዳው ይልቅ በቆርኪው ነው የሚገባቸው፤ አሁን ሰሌዳውን ትቼዋለሁ።

ከዚያ 80 ፍሬ ያውጡና በመቶኛ ይቀይሩት። ከማውጣታቸው በፊት «ልዩነቱ በስንት ይጠብባል?» ብላችሁ አስገምቱ። ናሙናው አራት እጥፍ ስለሆነ ሁሉም «በአራት» ይላል። የሚጠበው በግማሽ ገደማ ብቻ ነው። በሃያው ዋናው ክምር ከ20 እስከ 40 በመቶ ተዘርግቶ ነበር፤ በሰማንያው ከ25 እስከ 35 አካባቢ ይሆናል። ስኩዌር ሩት (የአራት ሁለት ነው) ለምን የናሙና ስህተት ቀመር ውስጥ እንደገባ ያን ጊዜ ራሳቸው ይጠይቋችኋል። እስኪጠይቁ ጠብቁ።

4. ፒ ቫልዩ በስምንት ሲኒ

የእንግሊዙ የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመው መጽሐፍ የአንዲት ሴት ወሬ አለ፤ ወተቱ ከሻዩ በፊት ይግባ በኋላ ቀምሼ አውቃለሁ ትላለች። ስምንት ስኒ ሻይ ቀረበላት። እኛ በቡና እናድርገው። ሁልጊዜ «ስኳሩ ቀድሞ ሲገባ ጣዕሙ ይለያል» የሚል ሰው ከክፍሉ አይጠፋም።

ከግቢው በር ላይ ካለችው ጀበና ቡና ስምንት ሲኒ እዘዙ። አራቱ ስኳር የቀደመባቸው፣ አራቱ ቡና የቀደመባቸው ይሁኑ። ቅደም ተከተሉ በዕጣ ይወሰን። የቀዳው ሰው ከክፍሉ ይውጣ፣ ፊቱ ያሳብቃልና። ቀማሿ አራቱን «ስኳር የቀደመባቸው» ብላ ትለይ። አንድ ምክር፦ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ወይም በረመዳን አታድርጉት፤ የሚጾመው ተማሪ ዳር ይቀመጣል፣ ነገሩም ያስቀይማል።

ባለፈው የቀመሰችው ልጅ ከአራቱ ሦስቱን አገኘች። ክፍሉ አጨበጨበ። «ትችላለች!» አሉ። ይህን ጊዜ ነው ብዕር የሚያዘው። ከስምንት ሲኒ አራት የሚመረጥበት መንገድ 70 ነው። አራቱንም በትክክል የሚያገኘው 1 ብቻ ነው። ሦስት የሚያገኘው 16፣ ሁለት የሚያገኘው 36፣ አንድ የሚያገኘው 16፣ ምንም የማያገኘው 1። ደምሩት፣ 70 ይመጣል። ዝም ብላ የምትገምት ሴት ሦስት ወይም ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሏ 17 ለ70 ነው፣ 0.24 ገደማ። ከአራት ገማች አንዷ ማለት ይቻላል። ጭብጨባው ቀዝቀዝ አለ። አራቱንም ብታገኝ 1 ለ70፣ 0.014 ይሆን ነበር።

ያ 0.24 ፒ ቫልዩ ነው። አሁን ዓረፍተ ነገሩን በደብተራቸው አስጽፉ፦ ችሎታው ባይኖራት ኖሮ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የተሻለ ውጤት የምታገኝበት ዕድል። «አለመቻሏ እውነት የመሆኑ ዕድል» የሚል ካያችሁ በቀይ አስምሩ። ይህን ስህተት የሚሠራው ተማሪ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ስታቲስቲክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 መግለጫ ያወጣው ተመራማሪዎችም ፒ ቫልዩን እንዲህ ስለሚያነቡት ነው።

ለፈተና አንድ ጥያቄ ልስጣችሁ፦ ሲኒው ስድስት ቢሆን ሁሉንም ማግኘት በቂ ማስረጃ ነው? መንገዱ 20 ነው፣ ዕድሉ 1 ለ20፣ ማለትም ተመራማሪዎች በተለምዶ «በቂ ነው» የሚሉበት ድንበር ላይ፣ 0.05። ተማሪው እዚያ ድንበር ላይ ሲንገታገት ማየት ደስ ይላል።

የሁለት ቡድንን አማካይ የሚያወዳድረውን ቲ-ቴስት ከዚህ ቀጥሉበት። የሁለት ቡድን ውጤት ካርድ ላይ ይጻፍ፣ ካርዱ ይበወዝ፣ በዘፈቀደ ለሁለት ይከፈል፣ የአማካዮቹ ልዩነት ይመዝገብ። ሃምሳ ጊዜ። ትክክለኛው ልዩነት ከበወዛው ጋር ሲተያይ የት ላይ ወደቀ? ቀመሩ ይህንኑ በአቋራጭ የሚሠራ መሆኑን ንገሯቸው። ቀመሩን ያመጣው ዊልያም ጎሴት የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ሠራተኛ እንደነበርና እ.ኤ.አ. በ1908 «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም እንዳሳተመውም ጨምሩ። ሰበታም የቢራ ፋብሪካ ከተማ ናት፤ ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ጎሴትን የሰፈር ልጅ ያደርጉታል።

5. «ቀመሩ 300 አለ»

ስንት ሰው እንደሚጠየቅ የሚወስነው የያማኔ ቀመር የማይታይበት የመመረቂያ ጽሑፍ ብርቅ ነው። 1200 ተማሪ ካለ፣ የስህተቱ ወሰን 0.05 ከሆነ፣ 1200 ለ4 ሲካፈል 300 (4ቱ የመጣው 1 ሲደመር 1200 በ0.05 ስኩዌር ተባዝቶ ነው)። ተማሪው ይህን አስልቶ በኩራት ይጽፋል። ከዚያ 300 መጠይቅ ይዞ ካፌ ይገባና ለጓደኞቹ ያድላል።

ሁለት ነገር ንገሩት። አንደኛ፣ ቀመሩ የሚሠራው ሰዎቹ በዕጣ ሲመረጡ ነው። ከካፌ የተሰበሰበ 300 ሰው የሚነግረን ካፌ ስለሚውል ሰው ነው። ሁለተኛ፣ ቀመሩ የሚመልሰው «ስንት በመቶው?» የሚለውን ጥያቄ ነው። ሁለት ቡድን ለማወዳደር ሌላ ስሌት ይጠይቃል። መካከለኛ የሚባለውን ልዩነት፣ ማለትም የስታንዳርድ ዲቪዬሽን (ውጤቶች ከአማካያቸው በተለምዶ የሚርቁበት መጠን) ግማሽ የሚያህለውን፣ 80 በመቶ በሚሆን ዕድል ለመያዝ በየቡድኑ 64 ሰው ያስፈልጋል። ልዩነቱ ትንሽ፣ 0.2፣ ከሆነ ወደ 400 ይጠጋል። በየቡድኑ!

የከተማ ዳር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ የስም ዝርዝር የለም። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ ማሳ የነበረው ዛሬ ሰፈር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥናታቸውን የተሟላ ዝርዝር ባለበት ቦታ ያድርጉ፤ የክፍሉ ስም መጥሪያ ይበቃል።

6. አሁን ኮምፒውተሩ

አሥረኛው ሳምንት ላይ ነው እኔ የምከፍተው። ጃሞቪና ጃስፕ ነፃ ናቸው፤ አንዴ አውርዳችሁ በፍላሽ አዙሩ፣ ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት አይጠይቁም። የተሰረቀ ኤስፒኤስኤስ ከቫይረሱ ጋር ከመጫን ይሻላል።

ሕጉ ያው ነው። ቁልፉ ከመነካቱ በፊት ግምት ይጻፋል። ከስሌት በፊት ሥዕል ይሳላል። ፍራንሲስ አንስኮም እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተማቸውን አራት የመረጃ ስብስቦች አሳዩ፤ የአራቱም አማካይና ተዛምዶ (ሁለት ነገሮች አብረው የሚሄዱበት መጠን) አንድ ነው ማለት ይቻላል፣ ተዛምዶው 0.82። ሲሳሉ ግን አንዱ ቀጥ ያለ፣ ሌላው ጎባጣ፣ ሦስተኛውና አራተኛው በአንድ ባፈነገጠ ነጥብ የሚጎተቱ ናቸው። ሶፍትዌሩ ፒን «0.000» ብሎ ሲያወጣ ደግሞ «ከ0.001 ያነሰ» ተብሎ ይጻፋል። ፒ ልክ ዜሮ አይሆንም።

7. ሰው ፊት ከመውጣታቸው በፊት

የፈቃድ ቅጹን ለአያታቸው ጮክ ብለው ያንብቡላቸው። እማማ ካልገባቸው እንደገና ይጻፍ። ስለ ድብርት ወይም ራስን ስለ መጉዳት የሚጠይቅ መጠይቅ ከያዙ «አዎ» የሚል ሰው ሲገጥማቸው የት እንደሚልኩት ቀድመው ይጻፉ። ይህ ካልተሟላ እኔ አላስወጣም፣ ለምነውም ቢሆን።

8. ማርኩ

ግማሹ ማርክ በቃል ነው። ሰባት ደቂቃ ለአንድ ተማሪ፣ የራሱን መረጃ ይዞ። ከሠንጠረዡ አንድ ቁጥር እጠቁምና «ይሄ ምን ማለት ነው?» እላለሁ። ያቺው የጥንቷ ጥያቄ ናት። ለሃምሳ ሰው ሁለት ቀን ትፈጃለች፣ ጉሮሮም ታደርቃለች፣ ግን ከሌላ ሰው የተገለበጠ ሥራ በመጀመሪያው ደቂቃ ይታወቃል። ቀሪው ግማሽ ለግምት ደብተሩና ለመጠይቁ ነው።

በየዓመቱ አንድ ሁለት ልጅ ፊቱን አጥቁሮ ይመጣል፦ «ቲቸር፣ ውጤቱ አልሠራም።» ፒው 0.31 ሆኖበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመውን ትልቅ ሥራ እነግረዋለሁ። ተመራማሪዎች 100 የሳይኮሎጂ ጥናቶችን እንደገና ሠሯቸው። ከዋናዎቹ 97 በመቶው ከ0.05 በታች የሆነ ፒ ነበራቸው፤ ሲደገሙ 36 በመቶው ብቻ አገኙት። «አንተ 0.31 ብለህ የጻፍከው ቢያንስ አልዋሸህም» እለውና የግምት ደብተሩን እንዲከፍት አደርጋለሁ። ገምቶት የነበረው ስንት እንደሆነና ለምን እንደሳተ አንድ ገጽ ይጽፍበታል። ከሁሉም የምወዳቸው እነዚያን ገጾች ነው።

ቦሎቄውን ሴሚስተሩ ሲያልቅ ጠርሙስ ውስጥ ከድናችሁ አስቀምጡት። እኔ አምና በፌስታሉ መሳቢያ ውስጥ ትቼው መስከረም ላይ ስከፍተው ነቀዝ ገብቶበታል። የቀረውን ብቆጥረው 500 አልሞላም። ዘንድሮ ተማሪዎቹ ቀዩ ነው ወይስ ነጩ ይበልጥ የተበላው ብለው ግምታቸውን ጽፈዋል፤ ሐሙስ እንቆጥረዋለን።